ኃይል፣ እንቅስቃሴና ሞመንተም፦ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ መማር ሲጀምር አስቀድሞ የያዘው እምነት አለው። በጎጃም ገጠር ያደገ ልጅ የፊዚክስ መጽሐፍ ከመግለጡ ከብዙ ዓመት በፊት ጥማድ በሬ ሲያርስ አይቷል፤ በሬዎቹ ሲራመዱ ማረሻው አፈሩን እየሰነጠቀ ይሄዳል፣ በሬዎቹ ሲቆሙ ማረሻውም እዚያው ቀጥ ይላል። ከዚህ ተነስቶ «የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚስበው ወይም የሚገፋው ኃይል አለ፤ ኃይሉ ከተቋረጠ እንቅስቃሴውም ይቋረጣል» ብሎ ቢደመድም የሚያስነቅፈው አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ያስተማረው ከዚህ ብዙ የማይርቅ ነገር ነበር፣ ትምህርቱም ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ብዙ ሊቃውንትን አሳምኖ ኖሯል። በመሐሉ የተቃወሙት አልጠፉም፤ ለምሳሌ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የነበረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ስለ ተወረወሩ ነገሮች የተሰጠውን የአርስጣጣሊስን ማብራሪያ ውድቅ አድርጎታል። ያም ሆኖ እምነቱ ዛሬም በየክፍሉ አለ፤ በእኔ እምነት ተማሪው ቀመሮቹን በቃሉ ይዞ ጥያቄው ትንሽ ሲጠመዘዝበት የሚደናገረው ይህ አሮጌ እምነት ሳይነካ ስለሚቀር ነው።

ስሕተቱ ያለው በማረሻው ላይ የሚያርፈውን ሁለተኛውን ኃይል ባለመቁጠር ላይ ነው። በሬዎቹ ማረሻውን ወደፊት ሲስቡት አፈሩ ወደኋላ ይይዘዋል። በሬዎቹ በእኩል እርምጃ በሚሄዱበት ጊዜ እነዚህ ሁለት ኃይሎች በመጠን እኩል፣ በአቅጣጫ ተቃራኒ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል፤ በማረሻው ላይ የሚያርፈው የተጣራ ኃይልም ዜሮ ይሆናል። በሬዎቹ መሳብ ሲያቆሙ የሚቀረው የአፈሩ ኃይል ብቻ ነው፣ ማረሻውን የሚያቆመውም ይኸው ኃይል ነው። እንግዲህ ማረሻው የቆመው ኃይል በማጣቱ ሳይሆን የሚያቆመው ኃይል ተቃዋሚ ስላጣ ነው። አፈሩ ባይኖርስ ኖሮ? ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ይህን ጥያቄ በሁለት ተዳፋቶች አማካይነት መረመረው። በአንዱ ተዳፋት ላይ የተለቀቀች ድቡልቡል ኳስ በተቃራኒው ተዳፋት ላይ ወደ ተነሳችበት ከፍታ እስክትጠጋ ድረስ ትወጣለች፤ ሁለተኛው ተዳፋት እየተለዘበ በሄደ ቁጥር ያን ከፍታ ለማግኘት የምትጓዘው ርቀት እየረዘመ ይሄዳል፤ ፈጽሞ ለጥ ያለ ሜዳ ከሆነ ደግሞ፣ ሰበቃ (ሁለት ነገሮች ሲነካኩ እንቅስቃሴን የሚይዘው ኃይል) እስካልያዛት ድረስ፣ የምትቆምበት ምክንያት አይኖራትም። ይህን ሐሳብ አይዛክ ኒውተን በ1687 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ሥራው ውስጥ የመጀመሪያው ሕግ አድርጎ አስቀመጠው፦ የተጣራ ኃይል ያላረፈበት ነገር ቆሞ ከሆነ እንደቆመ ይቀራል፣ እየተጓዘ ከሆነም በዚያው ፍጥነት በቀጥታ መስመር መጓዙን ይቀጥላል።

ነገሮች ያሉበትን ሁኔታ ይዘው የመቆየት ጠባያቸው ኢነርሺያ ይባላል። በየዓመቱ ጥር 23 በኢንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ይህን ጠባይ በቅርብ ማየት ይቻላል። እየጋለበ የመጣ ፈረስ በድንገት ሲቆም የፈረሰኛው ሰውነት በነበረበት ፍጥነት ወደፊት መሄድ ይፈልጋል፤ ፈረሰኛው በጉልበቱ ኮርቻውን አጥብቆ ካልያዘና እግሩን በእርካቡ ካላጸና የፈረሱን አንገት አልፎ ይወድቃል። ወደፊት የሚገፋው አንዳች ኃይል የለም። የቆመው ፈረሱ ነው፤ እሱን የሚያቆመው ኃይል ግን በጊዜ አልደረሰለትም።

አንድ ነገር ከመቀጠላችን በፊት መጥራት አለበት። በዕለት ንግግራችን ፍጥነት ስንል «በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ማለታችን ነው። በፊዚክስ ግን መጠኑ ከአቅጣጫው ጋር ተደምሮ ቬሎሲቲ ይባላል፣ ኃይል የሚለውጠውም ይህንን ነው። ስለዚህ መኪና ሲፈጥን ብቻ ሳይሆን ሲቀንስም፣ ፍጥነቱን ሳይለውጥ በኩርባ ላይ ሲዞርም እንቅስቃሴው ተለውጧል እንላለን። ቬሎሲቲ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን አክስለሬሽን ነው። የኒውተን ሁለተኛ ሕግም አክስለሬሽንን ከኃይል ጋር ያገናኘዋል፦ የተጣራ ኃይል ከመጠነ ቁስና ከአክስለሬሽን ብዜት ጋር እኩል ነው። መጠነ ቁስ፣ ማለትም አንድ ነገር የያዘው የቁስ መጠን፣ በኪሎ ግራም የሚለካ ሲሆን ክብደት ግን መሬት ያንን መጠነ ቁስ የምትስብበት ኃይል ስለሆነ በኒውተን ይለካል፤ አንድ ኪሎ ግራም ወደ 9.8 ኒውተን ይከብዳል።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ እንውረድ። ከቡሬ አካባቢ 50 ኩንታል በቆሎ ጭኖ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ አይሱዙ እናስብ። በቆሎው 5,000 ኪሎ ግራም ነው፤ የመኪናውን የራሱን 3,000 ብለን እንያዘውና ድምሩ 8,000 ኪሎ ግራም ይሁን። መኪናው ደጀንን አልፎ ወደ ወንዙ ድልድይ ለመድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ መውረድ አለበት። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚያዘቀዝቅበት ቦታ ላይ፣ የመሬት ስበት መኪናውን በመንገዱ አቅጣጫ ቁልቁል የሚጎትትበት ኃይል 8,000 በ9.8፣ ያም በ0.06 ተባዝቶ 4,700 ኒውተን ገደማ ይመጣል። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ ፍሬኑንም አልፎ አልፎ እየነካ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሜትር፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ እየወረደ ነው እንበል። በዚህ ጊዜ በመኪናው ላይ በመንገዱ አቅጣጫ የሚያርፈው የተጣራ ኃይል ስንት ነው? ብዙ ተማሪ 4,700 ኒውተን ብሎ ይመልሳል፤ መኪናው እየሄደ ነውና ኃይል ሊኖር ይገባል ብሎ ያስባልና። መልሱ ዜሮ ነው። ቬሎሲቲው ካልተለወጠ አክስለሬሽን የለም፣ አክስለሬሽን ከሌለም የተጣራ ኃይል የለም፤ ይህም ማለት ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ የጎማው ሰበቃና አየሩ አንድ ላይ ሆነው ልክ 4,700 ኒውተን ወደኋላ እየያዙት ነው ማለት ነው። ይህን አንድ መልስ ከልቡ የተረዳ ተማሪ የምዕራፉን ግማሽ ጨርሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፍሬኑ እምቢ ያለ ጊዜስ ምን ይሆናል? ማርሹም ነፃ ከሆነ፣ የጎማውንና የአየሩን ሰበቃ ለጊዜው ብንተወው፣ የተጣራው ኃይል 4,700 ኒውተን ይሆናል። ይህን ለ8,000 ኪሎ ግራም ስናካፍለው አክስለሬሽኑ 0.59 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ገደማ ይመጣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየሰከንዱ የሚደመር ነው። በ30 ሰከንድ ውስጥ በሰከንድ 17.6 ሜትር ስለሚጨምር፣ በሰዓት በ36 ኪሎ ሜትር ይወርድ የነበረው መኪና ግማሽ ደቂቃ ሳያልፍ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ተጨማሪ የገፋው ማንም የለም፤ የነበረው ያው ኃይል ነው፣ የቀረው የሚያጣፋው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሾፌሮችም ተማሪዎችም የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ጭነት የበዛበት መኪና ቁልቁለት ላይ ይበልጥ ይፈጥናል ይባላል። ስሌቱን በባዶው 3,000 ኪሎ ግራም ብንደግመው የሚጎትተው ኃይል ወደ 1,760 ኒውተን ይወርዳል፣ ግን ለ3,000 ሲካፈል የሚሰጠው አክስለሬሽን ያው 0.59 ነው። የሚጎትተውም የሚጎተተውም በእኩል እጥፍ ስለሚያድጉ መጠነ ቁሱ ከስሌቱ ይወጣል። የአየሩ ሰበቃ ከባዱን መኪና በአንጻሩ ያነሰ ስለሚይዘው በእውነተኛው መንገድ ላይ ጥቂት ልዩነት ይኖራል፤ ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው። የጫነውን መኪና በአንድ ፍጥነት ይዞ ለማውረድ ከባዶው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ የሚይዝ ኃይል ያስፈልጋል፣ ያ ኃይል መኪናውን ሲይዝ የሚወሰደው ጉልበትም በፍሬኑ ሸራ ላይ ሙቀት ይሆናል። 8,000 ኪሎ ግራም 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት 78 ሚሊዮን ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ነው፤ ይህ በ20 ዲግሪ ላይ ያለ ከ230 ሊትር የሚበልጥ ውሃን ለማፍላት የሚያበቃ ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ ፍሬን ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ሸራውን ስለሚያግለው፣ የጋለ ሸራ ደግሞ የመያዝ አቅሙ ስለሚዳከም፣ ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ያደርጋሉ።

ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ መንገድ አይደለም፤ ተጠማዝዞ ይወርዳል። መኪናው በኩርባ ላይ ሲዞር የቬሎሲቲው አቅጣጫ በየቅጽበቱ ስለሚለወጥ ወደ ኩርባው መሐል የሚያመለክት ኃይል ያስፈልገዋል፣ ይህንንም የሚሰጠው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ሰበቃ ነው። የሚያስፈልገው ኃይል መጠን መጠነ ቁስ በፍጥነት ስኩዌር (ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ) ተባዝቶ ለኩርባው ራዲየስ ሲካፈል ይገኛል። የኩርባው ራዲየስ 50 ሜትር ከሆነ፣ ያ አይሱዙ በሰከንድ በ10 ሜትር ሲዞር 16,000 ኒውተን ያስፈልገዋል። ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ በሰከንድ በ20 ሜትር ቢመጣ ግን የሚያስፈልገው 64,000 ኒውተን፣ ማለትም አራት እጥፍ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ሰበቃው ከክብደቱ 0.7 ያህል ሊሆን ይችላል ብንል፣ ጎማዎቹ ሊሰጡ የሚችሉት ከፍተኛው ኃይል ወደ 55,000 ኒውተን ነው። የጎደለውን ማንም አይሞላውም፤ መኪናው መዞር ባለበት ቦታ አይዞርም፣ ኢነርሺያው ወደሚመራው ወደ ቀጥታው መስመር ይወጣል። ክረምት ላይ አስፋልቱ ሲርስ ያ ቁጥር ገና ይወርዳል፤ ጭነቱ ከፍ ብሎ የተከመረ ከሆነም መኪናው ከመንሸራተቱ አስቀድሞ ሊገለበጥ ይችላል።

እስካሁን ያየነው ኃይል በአንድ ቅጽበት የሚያደርገውን ነው። ሞመንተም የሚመጣው ኃይል በቆይታው የሚያደርገውን መጠየቅ ስንጀምር ነው። ሞመንተም የመጠነ ቁስና የቬሎሲቲ ብዜት ነው፤ ኒውተን ራሱ «የእንቅስቃሴ መጠን» ይለው ነበር። ያ አይሱዙ በሰከንድ በ10 ሜትር ሲሄድ ሞመንተሙ 80,000 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። ተሳፋሪ የጫነ 600 ኪሎ ግራም የሚሆን ባጃጅ በባሕር ዳር ጎዳና ላይ በዚያው ፍጥነት ሲሄድ ሞመንተሙ 6,000 ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያቸው አንድ ቁጥር ያሳያል፣ ለማቆም የሚጠይቁት ግን በጣም ይለያያል።

ምን ያህል እንደሚለያይ የሚነግረን ኢምፐልስ ነው። አንድ ኃይል በአንድ ነገር ላይ ለተወሰነ ጊዜ ሲያርፍ የኃይሉና የጊዜው ብዜት በሞመንተሙ ላይ ከመጣው ለውጥ ጋር እኩል ነው። አዲስ ሕግ አይደለም፤ ሁለተኛው ሕግ ራሱ በጊዜ ተባዝቶ የተጻፈ ነው። በሰዓት በ72 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ በ20 ሜትር የሚሄደው አይሱዙ 160,000 ሞመንተም ተሸክሟል። ይህን በ10 ሰከንድ ውስጥ ወደ ዜሮ ለማውረድ በአማካይ 16,000 ኒውተን ይበቃል። በ5 ሰከንድ ከሆነ 32,000 ያስፈልጋል። ከገደል ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም ግን የሚያርፍበት አማካይ ኃይል 1,600,000 ኒውተን ይደርሳል። በሦስቱም ጊዜ የተወሰደው ሞመንተም አንድ ነው፤ የተለየው የተወሰደበት ጊዜ ነው።

የደህንነት ቀበቶ ሥራም ሙሉ በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳፋሪ በዚያ ፍጥነት ሲሄድ 1,200 ሞመንተም አለው፤ መኪናው ሲጋጭ ይህ ሞመንተም በሆነ መንገድ መወሰዱ አይቀርም። ቀበቶ ያላሰረ ሰው በነበረበት ፍጥነት ሄዶ ዳሽቦርዱን ሲመታ በአንድ ሰከንድ አንድ መቶኛ ውስጥ ቆመ ብንል በሰውነቱ ላይ 120,000 ኒውተን ያርፋል። ቀበቶው ይዞት፣ የመኪናው ፊት እየታጠፈ ጊዜ ሰጥቶት፣ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ቢቆም ኃይሉ 12,000 ኒውተን ይሆናል። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ አጥንት ሊሰብር ይችላል፤ ነገር ግን በደረትና በዳሌ ላይ ተበትኖ የሚያርፍ ስለሆነ ሰው ሊተርፍበት የሚችል ነው። ልጆች በእናታቸው ጭን ላይ ታቅፈው መጓዛቸው ደህንነት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ስሌት እንዲሠሩት አጥብቄ እመኛለሁ። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃንን በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ከዚያ ፍጥነት ለማቆም 2,000 ኒውተን ያስፈልጋል፣ ይህም ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ነገር በክንድ እንደ መያዝ ነው። የትኛዋም እናት፣ ፍቅሯ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ያን ልትይዝ አትችልም።

ሦስተኛው ሕግ፣ ማለትም አንዱ ነገር ሌላውን ሲገፋ ሌላውም በእኩል መጠን በተቃራኒ አቅጣጫ መልሶ ይገፋዋል የሚለው፣ ለመናገር ቀላሉ ለመረዳት ግን አስቸጋሪው ነው። በየዓመቱ የሚነሳው ጥያቄ «በሬው ማረሻውን በሳበበት መጠን ማረሻው በሬውን መልሶ የሚስበው ከሆነ እንዴት ወደፊት ይሄዳሉ?» የሚል ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ችኩል መልስም አይገባውም። ሁለቱ ኃይሎች እኩል ቢሆኑም የሚያርፉት በሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ሊያጣፋ አይችልም። ማረሻው ይሄድ እንደሆነ ለማወቅ ማረሻው ላይ ያረፉትን ብቻ፣ የበሬውን ስበትና የአፈሩን መያዝ፣ እንቆጥራለን። በሬው ይሄድ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በሬው ላይ ያረፉትን እንቆጥራለን፤ በሰኮናው መሬቱን ወደኋላ ይገፋል፣ መሬቱም እሱን ወደፊት ይገፋዋል፣ ይህ ማረሻው ከሚይዘው ኃይል ከበለጠ በሬው ይነሳል። በጭቃ ላይ ሰኮናው ሲንሸራተት በሬው የሚያቅተው ጡንቻው ስለደከመ ሳይሆን መሬቱ በበቂ መልሶ ስለማይገፋው ነው።

ግጭትም በዚሁ ሕግ ይገዛል። በሰከንድ በ10 ሜትር የሚሄደው አይሱዙ 500 ኪሎ ግራም የሚሆን የቆመ ባጃጅ ገጭቶ ይዞት ቢሄድ፣ የትኛው የበለጠ ኃይል አረፈበት? ሁለቱም ላይ ያረፈው ኃይል እኩል ነው። ከግጭቱ በፊት የነበረው 80,000 ሞመንተም ከግጭቱ በኋላ 8,500 ኪሎ ግራም ሆነው አብረው በሚሄዱት በሁለቱ ላይ ስለሚከፈል የጋራ ፍጥነታቸው በሰከንድ 9.4 ሜትር ገደማ ይሆናል። አይሱዙው ያጣው 0.6 ሜትር በሰከንድ ብቻ ሲሆን ባጃጁ ግን በአንድ ቅጽበት ከዜሮ ወደ 9.4 ተወንጭፏል። ኃይሉ እኩል፣ የቬሎሲቲው ለውጥ ግን አንድ ለአሥራ ስድስት ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ያሉት የሚጎዱት፣ የአይሱዙው ሾፌር ግን መጠነኛ ንቅናቄ ብቻ የሚሰማው ለዚህ ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሳንናገረው የተጠቀምንበት ነገር የሞመንተም ጥበቃ ነው። ከውጭ የሚያርፍ የተጣራ ኃይል በሌለበት፣ በእርስ በርስ ግፊያ ላይ ያሉ ነገሮች ድምር ሞመንተም አይለወጥም። በጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚጓዝ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ታንኳዋ ሳትታሰር ወደ ዳር ለመውጣት ሲራመድ ታንኳዋ ወደኋላ ትሸሻለች። 60 ኪሎ የሚመዝነው ሰው በሰከንድ 1 ሜትር ወደፊት ቢራመድና ታንኳዋ ከነዕቃዋ 120 ኪሎ ግራም ብትሆን፣ ድምሩ ዜሮ ሆኖ እንዲቀር ታንኳዋ በሰከንድ በግማሽ ሜትር ወደኋላ መሄድ አለባት። በታንኳዋና በዳሩ መካከል ያለው ውሃ የሚሰፋው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። አይሱዙው ፍሬን ይዞ በደህና ሲቆም 160,000 ሞመንተሙ የት ሄደ? ሙቀት ሆነ የሚለው መልስ ስለ ጉልበት ሲሆን ትክክል ነው፣ ስለ ሞመንተም ሲሆን ግን አይሠራም፤ ሞመንተም ወደ ሙቀት አይለወጥም። አስፋልቱ ጎማዎቹን ወደኋላ ሲይዝ ጎማዎቹም አስፋልቱን ወደፊት ገፍተውታል፤ አስፋልቱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሞመንተሙ ወደ መሬት ተሻግሯል። የመሬት መጠነ ቁስ 6 ቁጥር 24 ዜሮዎችን አስከትሎ የሚጻፍ ኪሎ ግራም ስለሆነ ከዚህ የምታገኘው ፍጥነት በየትኛውም መሣሪያ ሊለካ የማይችል ነው። «ሞመንተም ጠፋ» የሚያሰኝ ጥያቄ በፈተና ላይ ሲመጣ አስቀድሞ መታየት ያለበት የትኞቹ ነገሮች እንደተቆጠሩ ነው። መኪናው ብቻውን ከተቆጠረ ከውጭ የመጣ ኃይል አለበትና ሞመንተሙ ወደ ዜሮ ወርዷል፤ መኪናውና መሬት አንድ ላይ ከተቆጠሩ ግን 160,000ው ሳይጎድል አለ።